የአንጀት ካንሰር የያዘውን የትዳር ጓደኛ ማስታመም፦ ተረትና እውነታ

የአንጀት ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ሦስተኛው፣ ሕይወት በመቅጠፍ ደግሞ ሁለተኛው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በሽታው እንዳለባቸው አውቀዋል፤ ከ900 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ዕጢውን ቆርጦ የሚያወጣውም ኬሞቴራፒ የሚያዝዘውም ሐኪም ነው። ኬሞው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በመካከሉ ያሉትን ቀንና ሌሊት ታማሚውን የሚጠብቀው ባል ወይም ሚስት ነው። ለዚህ አስታማሚ ዘመድ ወዳጁ የሚለግሰው ምክር ሲጠቃለል አንድ ነው፦ ደብቀህ ቻለው። ለታማሚው አትንገር፤ ለጎረቤት አታውራ፤ የምትሰጠውን የባህል መድኃኒት ሐኪም እንዳይሰማ፤ ድካምህንም አታሳይ። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ነገር ግን በዚህ በሽታ መደበቅ ራሱ ሰው ይጎዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ብሂል ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚውም ይሠራል።

ተረት፦ «ስሙን ከሰማ ተስፋ ቆርጦ ይሞታል»

ይህ ስጋት ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ብዙዎቻችን ካንሰር ሲባል የሰማነው ከሞት ጋር ተያይዞ ነው። እውነታው ግን ውጤቱ በሽታው በተደረሰበት ደረጃ እጅግ ይለያያል። በአሜሪካ የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰባቸው ከአሥር ሰዎች ዘጠኝ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይኖራሉ። ወደ ሌላ አካል ከተሠራጨ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ይላል፤ ያኔም ቢሆን ሕክምናው ዕድሜ ያራዝማል፣ ሥቃይ ያቀልላል። በሌላ በኩል መደበቁ የሚያስከትለው ጉዳት ተጨባጭ ነው። ካፔሲታቢን የተባለው የኬሞ እንክብል ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ጠዋትና ማታ በቤት ተወስዶ አንድ ሳምንት ይታረፋል፤ መዳፍና ውስጥ እግር እንዲላጥና እንዲቆስል ሊያደርግ ይችላል። መድኃኒቱን «የጨጓራ ነው» ተብሎ የተሰጠው ሰው እጁ ሲላጥ ለምን ይታገሣል? ለማንስ ይናገራል? «ባህላችን ክፉ ወሬ በቀስታ ይነገር ይላል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ በቀስታም መነገር አለበት። ቀስ ብሎ መንገር ግን ጨርሶ ካለመንገር ይለያል። ታማሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱ ይጠየቅ፤ «ዝርዝሩን ለባለቤቴ ንገሩ» ካለም ምርጫው የእሱ ነው። መደበቁ ልጆችንም ይነካል። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት የአንጀት ካንሰር የነበረበት ሰው ከሌላው የበለጠ ተጋላጭ ስለሆነ፣ በ40 ዓመቱ ወይም ዘመዱ በታመመበት ዕድሜ ላይ ከመድረሱ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው፣ ምርመራ እንዲጀምር ይመከራል። ያልተነገረው ልጅ ይህ ዕድል ያመልጠዋል።

ተረት፦ «ካንሰር ብረት ከነካው ይባባሳል»

ቀዶ ሕክምና የአንጀት ካንሰርን ለማዳን ዋናው መንገድ ነው። ተረቱ የሚጸናው ብዙ ታማሚዎች ዘግይተው ስለሚመጡ ነው፦ ሰገራ ላይ የታየው ደም ኪንታሮት ነው ተብሎ ወራት ያልፋሉ፤ ሆዱ ሲከፈት በሽታው ቀድሞ ተሠራጭቶ ይገኛል፤ ጥፋቱም በቢላው ላይ ይላከካል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንዳንዱ ታማሚ ሰገራውን በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል ወደ ከረጢት ያስወጣል። ይህ ለአንዳንዱ ጊዜያዊ፣ ለሌላው ዘላቂ ነው፤ በሁለቱም መንገድ ሥራ መሥራት፣ ጉዞ መሄድ፣ ከባል ወይም ከሚስት ጋር መተኛት ይቻላል። ከረጢቱ ከመሙላቱ በፊት፣ ሲሶው ወይም ግማሹ ላይ ሲደርስ ባዶ ከተደረገ አይከብድም፣ አይፈስም። የትዳር ጓደኛ ፊቱን ሳያዞር አብሮ መማሩ ታማሚው ሰውነቱን መልሶ እንዲቀበል ትልቅ እገዛ ነው።

ተረት፦ «ይጋባል፤ አልጋና ዕቃ ይለይ»

ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ መጉረስም ሆነ ማጉረስ፣ ማቀፍና መሳም አያሰጋም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለመድኃኒቱ ነው። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት በሽንት፣ በሰገራና በትውከት ይወጣል፤ ስለዚህ እነዚህን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ የቆሸሸውን ልብስ ለብቻው ይጠብ። በሕክምናው ወቅት ለግንኙነት ኮንዶም መጠቀምና እርግዝናን መከላከል ያስፈልጋል። ጓንቱ ለምን እንደተደረገ በግልጽ ከተነገረው ታማሚው እንደተጸየፉት አይቆጥረውም።

ተረት፦ «ትኩሳቱ ያልፋል፤ ለሐኪም ሁሉ ነገር አይነገርም»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ኬሞ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ዝቅ የሚሉት ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ እንጂ በፓራሲታሞል አብርዶ ንጋትን መጠበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ቴርሞሜትር በእያንዳንዱ አስታማሚ ቤት መኖር ያለበት ለዚህ ነው። ተቅማጡ ከወትሮው በቀን አራት ጊዜ ያህል ከጨመረም ሳይዘገዩ መደወል ይገባል። ኦክሳሊፕላቲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣቱን ይነዝረዋል፣ ቀዝቃዛ ሲጠጣ ጉሮሮው የታነቀ ይመስለዋል፤ ይህን የሚያውቅ አስታማሚ ለብ ያለ ውሃ ያቀርባል። ብርታት ይሰጣል የሚባለው ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት በዚህ ወቅት የኢንፌክሽን ምንጭ ናቸው፤ ሥጋው ይብሰል፣ ወተቱም ይፍላ። ኮሶና ሌሎች ሆድ የሚያጥቡ መድኃኒቶች በኬሞ የተዳከመን ሰውነት ውሃ ያሳጣሉ። «ታዲያ ጠበሉንና ጾሙን፣ እምነታችንን እንተው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አይደለም። የያኔው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ያው አስተያየት እዚህም ይሠራል። ጾምን በተመለከተም ክርስትናውም እስልምናውም ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ጉዳት የሚመጣው መድኃኒት ሲቋረጥ፣ ሰውነት ሲራብና ሐኪም ሳያውቅ ሌላ ነገር ሲሰጥ ነው።

ተረት፦ «ጥሩ ሚስት፣ ጥሩ ባል አይደክመውም»

የካንሰር ታማሚን የሚያስታምሙ የትዳር ጓደኞች ለጭንቀት፣ ለድባቴና ለእንቅልፍ ማጣት የተጋለጡ መሆናቸውን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የመድኃኒት ሰዓት ይስታል፣ የትኩሳት ምልክት ያልፈዋል። ስለዚህ የአስታማሚ ዕረፍት ከሕክምናው ጋር የሚቆጠር ነው። «እኔ ካልሆንኩ ማን አለ?» ለሚል ሰው መልሱ ብዙውን ጊዜ ደጁ ላይ አለ፦ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክለው እድር፣ ጎረቤትና ዘመድ አንድ ሌሊት ተራ ሊገቡ፣ ለሕክምና ቀጠሮ ሊሸኙ፣ ገበያ ሊወጡ ይችላሉ። የሚያግዙት ግን የተነገራቸው እንደሆነ ነው።

የትዳር ጓደኛዎ በሕክምና ላይ ከሆነ ዛሬ የሚከተለውን ያድርጉ፦ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ የሆስፒታሉን የድንገተኛ ስልክ ይመዝግቡ፤ የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምረው፣ በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ለልጆችዎ እንደ ዕድሜያቸው ይንገሩ፤ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው እንዲያግዝዎ ይጠይቁ። ይህን ያደረገ አስታማሚ የሚወደውን ሰው ከብዙ አደጋ ይጠብቃል።