መለኪያው ከተተከለ በኋላ

የአየር ጥራት መለኪያ መረብ የሚባለው በአንድ ከተማ ወይም አገር በተለያየ ቦታ ተተክለው የአየሩን ብክለት ያለማቋረጥ የሚመዘግቡ፣ ውጤታቸውም እርስ በርስ ሊነጻጸር የሚችል መሣሪያዎች ስብስብ ነው። ንባባቸው የማይነጻጸር መቶ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው እንጂ መረብ አይደሉም። የኬንያ ዋና ከተማ የናይሮቢ ልምድ ይህን በግልጽ ያሳያል።

ከጤና አንጻር ቅድሚያ የሚለካው ፒ.ኤም. 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ስለማይበልጥ በዓይን አይታይም፤ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ዘልቆ እስከ ደም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዓመታዊ አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በናይሮቢ ሁለት ቦታዎች በማጣሪያ ተሰብስበው የተመዘኑ ናሙናዎች አማካይ ግን በከተማው ውስጥ 21፣ በዳርቻው 13 ያህል ነበር። ከዚህም ትልቁ ድርሻ የተሽከርካሪ ጭስና የአፈር ብናኝ ነው።

አማካይ ቁጥር የከተማዋን ልዩነት ይሸፍናል። ከመሃል ከተማ በስተምሥራቅ፣ ለአዲስ አበባ ሰው ቆሼን በሚያስታውሰው የዳንዶራ ቆሻሻ መጣያ፣ ክምሩ ይጤሳል። በኢንዱስትሪው ቀጠና አጠገብ ያለው የሙኩሩ ሰፈር የፋብሪካውንም፣ የከሰሉንም፣ የላምባውንም ጭስ ይቀበላል። በዋና ጎዳናዎች ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ጥላሸት ይተፋሉ፤ ዛፍ የበዛበት የጊጊሪ ሰፈር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ለሁሉም ሰፈር ሊመሰክር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዋጋቸው አነስተኛ የሆነ ስድስት ሴንሰሮች በናይሮቢና በአካባቢዋ ሲተከሉ የታሰበው ይኸው ነበር። አንዱ በጊጊሪ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ግቢ፣ አራቱ የኪቤራን ሰፈር ጨምሮ በትምህርት ቤቶች፣ አንዱ ደግሞ በማኅበረሰብ ማዕከል ቆሙ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የቆመውም ለንጽጽር አገለገለ።

መሣሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የማመሳከሪያው መሣሪያ አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ የተጠራቀመውን ብናኝ ይለካል፤ ውድ ነው፣ የሠለጠነ ሰውና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ትንሹ ሴንሰር ብናኙ የሚበትነውን የሌዘር ብርሃን አይቶ መጠኑን ይገምታል። ርካሽ በመሆኑ በየሰፈሩ ሊተከል ይችላል፤ ነገር ግን ቅንጣቶች እርጥበት ሲጠጡ ስለሚያብጡ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ረጅሙ የዝናብ ወቅት ብክለቱን አጋኖ ሊያሳይ ይችላል። መፍትሔው ሴንሰሩን ከማመሳከሪያው ጎን ለሳምንታት አቁሞ ልዩነታቸውን ማስላትና ንባቡን ማረም ነው። በሌላ አገር የአየር ንብረት የተሠራ ቀመር ለናይሮቢ እንዳለ አይሠራም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ምርጫ ነው። ማንዳዚ የሚባለው ሊጥ ከሚጠበስበት ምድጃ በላይ የተሰቀለ ሴንሰር ስለ ምድጃው እንጂ ስለ ሰፈሩ አይናገርም፤ ከፍ ካለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተሰቀለውም እግረኛው የሚተነፍሰውን አያውቅም። መሣሪያው ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ አቅራቢያ፣ አየር በነጻነት በሚያልፍበት፣ ከስርቆት በሚጠበቅበትና ባለሙያው ሊደርስበት በሚችል ቦታ መቆም አለበት። የትምህርት ቤት ግቢ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ከተከላ በኋላ ያለው ሥራ ረጅሙ ነው። አቧራ ማራገቢያውን ይደፍናል፣ ሸረሪት አየር ማስገቢያው ላይ ታደራለች፣ የሲም ካርዱ ሂሳብ ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል። የጎደለ መረጃ ደግሞ ንጹሕ አየር ማለት አይደለም። መብራት የሚጠፋው እራት በሚበስልበት ሰዓት ከሆነ፣ ጭሱ የሚበረታበት ጊዜ ከመዝገቡ ይወጣና አማካዩ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል። በዚህ ምክንያት ስንት ሰዓት እንደተመዘገበ ከውጤቱ ጋር አብሮ መገለጽ ይኖርበታል።

ኬንያ ለዚህ ሥራ የሕግ መሠረት አላት፤ የአየር ጥራት ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በኬንያ ተራራ ላይ፣ በ3,678 ሜትር ከፍታ፣ የዓለም አቀፉ የከባቢ አየር ክትትል አካል የሆነ ጣቢያ አለው። ከከተማ ርቆ የሚገኝ እንዲህ ያለ ጣቢያ የከተማውን ብክለት ከሩቅ ከሚመጣው ለመለየት ይረዳል።

መረቡን አገር አቀፍ የሚያደርገው ግን ባለቤትነቱ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ብዙዎች ይመኩበት የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ መረጃ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 መሰራጨቱ ቆሟል። በሌላ አገር በጀት የቆመ ጣቢያ በሌላ አገር ውሳኔ ይዘጋል። ስለዚህ መረብ ሲሰፋ ከመግዣው እኩል የመለዋወጫ፣ የቴክኒሻን ደመወዝና የማመሳከሪያ ወጪ በቋሚ በጀት መያዝ አለበት። በሙኩሩ ልጇ የሚስልባት እናት በሰፈሯ ስለተመዘገበው ቁጥር ልትተማመን የምትችለው፣ መሣሪያው በተተከለ በሦስተኛው ዓመትም ማራገቢያውን የሚያጸዳና ንባቡን የሚያርም ሰው ሲኖር ነው።