እንዶድ በድሬዳዋ ግቢ፦ ምን ያህል ፀሐይ ይበቃዋል?

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን ተብሎ በሚጠራው የገበያ ሠፈር የዱቄት ሳሙና በየዓይነቱ ይገኛል። ይሁን እንጂ ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡ ዛሬም እንዶድን የሚመርጡ እናቶች በዚያው ሠፈር አሉ። ከእነዚህ አንዷ በግቢያቸው የተከሏቸውን ሁለት የእንዶድ ተክሎች እንድናይላቸው ጠርተውን ሄደን ነበር። ሁለቱም ከአንድ እናት ተክል ተቆርጠው በአንድ ቀን የተተከሉ ናቸው። አንደኛው በኒም ዛፍ ሥር ሆኖ ቅጠል ብቻ አብዝቷል። ሁለተኛው በስተምዕራብ ያለ አንዳች ከለላ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጋር ተጠግቶ ቆሞ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ነዷል።

«ልጄ፣ ይኼኛው ዝም ብሎ ይረዝማል፤ ያኛው ተቃጠለብኝ። ፀሐይ ይወዳል ወይስ አይወድም? ቁርጡን ንገረኝ» አሉን።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ችግኝ ለማኅበራት የሚያከፋፍሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ደጋግመው ያነሡታል። መልሱን ለመስጠት ተክሉ በተፈጥሮው የት እንደሚበቅል ማስታወስ ያስፈልጋል።

በሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ የሚባለው እንዶድ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 እስከ 3000 ሜትር ባለው ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው። የሚገኘው በጫካ ዳር፣ በወንዝ አፋፍና በአጥር ላይ ነው። ይኸውም የጫካ ዳር ተክል እንጂ የጫካ ውስጥ ተክል አይደለም ማለት ነው። ሥሩ ቅጠል በሸፈነው ርጥብ አፈር ውስጥ ይቀመጣል፤ ጫፉ ግን በሌላ ተክል ላይ ተንጠላጥሎ ብርሃን ፍለጋ ይወጣል። የሚያብበውም ብርሃን ባገኘው ጫፍ ላይ ነው። በአሜሪካ የሚበቅለውን የእንዶድ ዘመድ የአገሩ ሰዎች «የቀለም ፍሬ» ይሉታል፤ የበሰለው ፍሬ ጭማቂ ለጽሕፈት ያገለግል ነበርና። የእኛው እንዶድ ግን ለሥራ የሚፈለገው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው።

ስለ ፍሬው ይህን ያህል መጨነቃችን ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዚያው ከተማ በተደረገው የመስክ ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ከየአካባቢው ከተሰበሰቡት ዓይነቶችም «ዓይነት 44» በፍሬው ጥንካሬና ብዛት ተመርጧል። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። ለልብስም ሆነ ለቀንድ አውጣ የሚሠራው፣ ሳፖኒን የሚባለው አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው በአረንጓዴው ፍሬ ውስጥ ነው። ስለሆነም ቅጠሉ ያማረ ነገር ግን ፍሬ የሌለው እንዶድ የያዘ ማኅበር መሬቱንና ውሃውን በከንቱ አባክኗል።

የድሬዳዋ ችግር

ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ስለዚህ እንዶድ እዚህ እንግዳ ነው። በሐረማያና በደንገጎ በኩል ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ የማይጎዳው ተክል እዚህ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። ይህ የሚሆነው የከሰዓቱ ብርሃን ከጠዋቱ ስለሚበረታ አይደለም። ፀሐይዋ በእኩል ከፍታ ላይ ስትሆን የ3 ሰዓቱና የ9 ሰዓቱ ብርሃን ያው ነው። ልዩነቱ በ9 ሰዓት አየሩም፣ አፈሩም፣ አጥሩም መጋሉ ነው። ቅጠሉ ውሃ እንዳያልቅበት የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ቀዳዳው ሲዘጋ ደግሞ ምግብ መሥራት ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ፀሐይ ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የጠዋቱን ብርሃን በሙሉ መስጠት፣ የከሰዓቱን ሙቀት ግን መከላከል ይገባል።

ለዚህ የሚሻለው ቦታ ከቤት ወይም ከግንብ በስተምሥራቅ ያለው ነው። ከንጋት እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ያጠላለታል። ሁለተኛው ምርጫ በስተደቡብ ያለው ወገን ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ከተገኘ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ስለ ደቡቡ ወገን ጥቂት ማብራራት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ፀሐይ በድሬዳዋ ልክ በአናት ላይ የምታልፈው ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ቀን ገደማ ነው። በእነዚህ ቀኖች መካከል ባለው የሙቀትና የክረምት ወራት የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትሆናለች፤ በቀረው ጊዜ በስተደቡብ ናት። 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ግንብ በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ጥላው ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ60 ይደርሳል። ከግንቡ በስተደቡብ ግማሽ ሜትር ርቆ የተተከለ እንዶድ እንግዲህ በሰኔ ቀትር ሥሩ ጥላ ውስጥ ይሆናል፤ አየሩ በሚቀዘቅዝበት በበጋው ወቅት ደግሞ ሙሉ ብርሃን ያገኛል። በስተሰሜን የተተከለው የሚገጥመው የዚህ ተቃራኒ ነው።

የቆርቆሮ አጥር በየትኛውም ወገን ቢሆን ሙቀት ይመልሳል። ሌላ ቦታ ከሌለ ተክሉን ቢያንስ 1 ሜትር አርቆ መትከል፣ በመካከሉም ሣር ወይም የማሽላ አገዳ ማቆም ይመከራል። የሥሩ ዙሪያ በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል መሸፈን አለበት።

ችግኝ ላይ ሳለ

የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ እንደጀመርኩ የእንዶድ ቁራጮችን በወፍራም የሣር ዳስ ሥር አሳድጌ ነበር። ሁሉም ጥሩ ቅጠል አወጡ። ለገበሬዎች የሚሰጡበት ቀን ሲደርስ ዳሱን በአንድ ጠዋት አነሣሁት። በሦስተኛው ቀን አብዛኛው ቅጠል ነጥቶ ረገፈ። በጥላ ያደገ ቅጠል ስስ ነው፤ ፀሐይን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ዳሱ ለሥር መስደጃው ጊዜ ብቻ ግማሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ 3 ሰዓት፣ በሁለተኛው እስከ 4 ሰዓት፣ በሦስተኛው እስከ 6 ሰዓት መግለጥ ነው። በዚህ ጊዜ ውሃውንም መቀነስ ችግኙን ያጠነክረዋል።

ቁራጭ ሲወሰድ ፍሬ ሲሰጥ ከታየ ተክል ይሁን። የእንዶድ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያዩ ተክሎች ላይ ስለሆነ፣ ከወንዴው የተወሰደ ቁራጭ ፀሐይ ቢያገኝም ባያገኝም አያፈራም። ለብዙ ሴቴ ጥቂት ወንዴ በአቅራቢያ ቢኖር ይበቃል። ተክሉ አብቦ ካላፈራ ጥፋቱን በፀሐይ ላይ አታድርጉ፤ ጨርሶ ካላበበ ግን መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ከላዩ ያለውን ዛፍ ተመልከቱ።

ቅጠሉን ማንበብም ይጠቅማል። በ8 ሰዓት ጠውልጎ ማታ የሚቀና ተክል ደኅና ነው፤ ውሃ አታብዙበት። ንጋት ላይም እንደጠወለገ ካደረ አፈሩን ቆፍራችሁ እዩ። በምዕራብ በኩል ያለው ቅጠል ብቻ ከነደደ የከሰዓት ፀሐይ ነው። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ከረዘመና ግንዱ ከቀጠነ ጥላ በዝቶበታል።

ለማኅበራት

በከተማው ዙሪያ ባለው ቆላ እንዶድን በሔክታር መትከል አንመክርም። ውሃው ለፍራፍሬና ለአትክልት ቢውል ይሻላል። ለገበያ የሚሆን ብዛት የሚፈልግ ማኅበር ወደ ደንገጎ በሚወጣው ዳገት በኩል ካሉ አባላቱ ጋር ቢመክር ይበጀዋል፤ በግቢ ግን ሁለት ሦስት ተክል ለቤት ይበቃል። ፍሬው ሲለቀም ከዘለላው ሥር ያለው ቀድሞ ስለሚቀላ፣ እርሱ ሳይቀላ ዘለላውን መቁረጥ፣ አድርቆም ከልጆች እጅ ማራቅ ያስፈልጋል። የአጠባው እጣቢ ከብት ወደሚጠጣበት ገንዳም ሆነ ዓሣ ወዳለበት ኩሬ አይደፋ፤ ዓሣን ይገድላል።

ወደ ታይዋኑ ግቢ እንመለስ። በኒሙ ሥር ያለውን ጠጋ ብለን ስናይ አንድ ሐረጉ ከዛፉ ጫፍ ደርሶ አፍርቶ ኖሯል። ፍሬውን ወፎች እየበሉት ነበር። ሐረጉን ቆርጠን አሳጠርነው፤ የሚያቆጠቁጠውንም በሽቦ ወደ ምሥራቅ፣ ክፍት ወደሆነው ወገን እንዲመሩት ለባለቤቲቱ አሳየናቸው። የተቃጠለውን ለማዛወር ዝናቡን መጠበቅ ይሻላል። እስከዚያ በስተምዕራቡ በኩል አሮጌ ጆንያ በሁለት እንጨት ወጥረንለታል፤ ሐምሌ ሲገባ ከቤቱ በስተምሥራቅ አስቀድሞ ወደተቆፈረለት ጉድጓድ ይሄዳል።