እምቢ ያለች ጠብታ

ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ከገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ፣ በዛጉዌው ንጉሥ ስም የሚጠራው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ የገባ ሰው መስቀሉንና የብራና መጻሕፍቱን ከማየቱ በፊት አንድ ድምፅ ይሰማል። ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከታች በተደረደሩ የድንጋይ ገንዳዎች ውስጥም ይጠራቀማል። ምእመናን ጠበል ነው ብለው ይጠጡታል፣ ይጠመቁበታል። ጠብታዋ ከዓለቱ ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ትወፍራለች፣ ጥቂት ትንጠለጠላለች፣ ከዚያ ጠብ ትላለች።

ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ሙያ ደግሞ ጠብታዋ እንዳትወድቅ አጥብቆ ይፈልጋል። ባለሙያው በስስ መስታወት ላይ 1 ማይክሮ ሊትር የፕሮቲን ፈሳሽ ያሳርፋል፤ ይህም የአንድ ሊትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ያንኑ የሚያህል የጨው ወይም የሌላ ኬሚካል ብጥብጥ ይጨምርበታል። ከዚያ መስታወቱን ገልብጦ በትንሽ ጉድጓድ አፍ ላይ ይከድነዋል፤ ዙሪያውንም አየር እንዳያስገባ በግሪስ ይመርገዋል። በጉድጓዱ ውስጥ ያው ኬሚካል ሳይበረዝ ተቀምጧል። ከላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ ስለቀጠነች ውኃዋ በእንፋሎት መልክ ወደ ታችኛው ፈሳሽ ይሄዳል፤ እሷም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየወፈረች ትሄዳለች። ነገሩ ከተሳካ አንድ ቀን በማይክሮስኮፕ ስትታይ እንደ ተቀረጸ ዕንቁ ጥርት ያለ ክሪስታል ውስጧ ተቀምጦ ይገኛል። ካልተሳካ፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም፣ ይኸው ሰው ጠብታዋ ለምን እምቢ እንዳለች ሲመራመር ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያሳልፋል።

መርጋትን የላስታ ሰው ከማር ያውቀዋል። ማር ከቀፎ ሲወጣ ይፈስሳል፤ ቆይቶ ይረጋል። በውስጡ ያለው ስኳር ውኃው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስለሆነ፣ ግሉኮሱ እየተለየ ይጠጥራል። የፕሮቲንም ሕጉ ይኸው ነው። ልዩነቱ የግሉኮስ ቅንጣት ትንሽና ጠጣር ስትሆን፣ የፕሮቲን ቅንጣት ግን በሺህ የሚቆጠሩ አቶሞች የተጠማዘዙባት፣ ጫፏ የሚወዛወዝ፣ ሙቀት ሲነካት የምትበላሽ ናት። እንዲህ ያሉትን አሰልፎ ማቆም ቀላል አይደለም።

ለምን ይለፋል ቢባል፣ ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው በቅርጹ ስለሆነ ነው። ቅርጹን ለማየት ራጅ ይጠቀማሉ፤ የሐኪም ቤቱ ራጅ ዘመድ ማለት ነው። አንዲት ቅንጣት ብቻዋን የምትበትነው ጨረር ግን ከቁጥር አይገባም። በገና ሌሊት በላሊበላ ማኅሌት ላይ የአንድ ካህን ጸናጽል ከሩቅ አይሰማም፤ ሁሉም በአንድ ምት ሲመቱ ግን ተራራው ይሰማል። ክሪስታልም እንዲሁ ነው፤ ቁጥር የሌላቸው ቅንጣቶች በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው ጨረሩን አንድ ላይ ይመልሳሉ።

እዚህ ላይ የእኛ ገብስ ይመጣል። ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን ምስርና ሽሮ እናስባለን፤ ገብስን የእህል ንጉሥ እንለዋለን እንጂ ለፕሮቲኑ ብለን አናሞግሰውም። የስዊድን ተመራማሪዎች ግን በስቫሎፍ የዘር ማሻሻያ ጣቢያ የዓለምን የገብስ ስብስብ ሲፈትሹ ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ ዘር አስገረማቸው። ፍሬው የተጨማደደ፣ እንደ ጠመዥ ገለባው የሚለቅ ነው። ፕሮቲኑ ብዙ ሲሆን፣ በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድም በዝቶበት ተገኘ። ላርስ ሙንክ፣ አርኔ ሃግበርግና ባልደረቦቻቸው በ1970 (እ.ኤ.አ.) ‘ሳይንስ’ በተባለው መጽሔት አሳወቁት፤ ስሙንም ሃይፕሮሊ አሉት። ምርቱ አነስተኛ ስለነበር እንደታሰበው የዓለምን ማሳ አልሞላም። ታሪኩ ግን በላብራቶሪ ቀጠለ።

የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ በኮፐንሃገን ያቋቋመው ላብራቶሪ ስለ ገብስ ብዙ ሲያጠና የኖረ ነው። ፒኤች የተባለው የአሲድነት መለኪያም በ1909 የተወለደው እዚያው፣ በሶረን ሶረንሰን እጅ ነው። እዚህ ቤት ከሃይፕሮሊ ገብስ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ተለየች፤ ስሟም ሲአይ2 ተባለ። ሥራዋ ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን አፍ መዝጋት ነው። የአሚኖ አሲዶቿ ቁጥር 83 ብቻ ነው። ከዚያ በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የማይክል ጄምስ ቡድን ክሪስታል አደረጋት፤ በ1985 ከምትዘጋው ኢንዛይም ጋር ተያይዛ፣ በ1987 ደግሞ ብቻዋን ቅርጿ ታተመ።

በውጤቱ ውስጥ አንድ ጉድለት ነበር። ከ83ቱ አሚኖ አሲዶች የመጀመሪያዎቹ 19 ያህሉ ብቻዋን በተነሳችበት ምስል ላይ አልታዩም። ጠፍተው አይደለም። ጅራቷ እንደ ዝንብ መከላከያ ጭራ ስለሚወዛወዝ በእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ ሌላ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ራጁ ሊያየው አልቻለም። ሲአይ2 ጅራቷን ይዛም ቢሆን ረግታለች፤ ዕድለኛ ናት። ብዙ ፕሮቲኖች ግን እምቢ የሚሉት በዚሁ በሚወዛወዝ ጫፋቸው ምክንያት ነው። ሠልፍ መካከል እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ጎረቤቱን እንደሚያስቀይም ዓይነት ነው። መድኃኒቱም ታውቋል፤ ጅራቱ በዘረመል ተቆርጦ ፕሮቲኑ እንደገና ይሠራል፤ ወይም በጥቂት ኢንዛይም ልል የሆነው ክፍል ይላጫል። ሲአይ2ም ኋላ ጅራቷ ተቆርጦ በ64 አሚኖ አሲድ ብቻ በባክቴሪያ ውስጥ ተመረተች። የእንግሊዙ አለን ፈርሽት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፕሮቲን እንዴት እንደሚታጠፍ ያጠናው በዚህችው አጭር ቅጂ ነው። ዛሬ የፕሮቲን መታጠፍን የሚማር ተማሪ በየትኛውም አገር ይሁን ስሟን ያነሳል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ጠብታ እምቢ ስትል ጀማሪው ወዲያው ኬሚካሉን መቀያየር ይጀምራል፤ መቶ ዓይነት ብጥብጥ ሞክሮ ሌላ መቶ ያዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በሽታው ያለው ፕሮቲኑ ላይ ነው። ንጽሕናው ከ95 በመቶ በታች ከሆነ፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ከተጓጎሉ፣ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ሰንብቶ ከደከመ፣ ምንም ዓይነት ጨው አያድነውም። ጠላው የሚበላሸው ከብቅሉ ከሆነ ጋኑን መቀየር ምን ይጠቅማል?

ፕሮቲኑ ጤነኛ ከሆነ በኋላ ጠብታዋን ማንበብ ይቻላል። ከሳምንታት በኋላም ጥርት ብላ ከቆየች ገና አልጠገበችም ማለት ነው፤ ፕሮቲኑን ወይም ጨውን ማብዛት ይገባል። ብዙዎች የሚጀምሩት በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ፕሮቲን ይዘው ነው። ገና እንደተቀላቀለች ቡናማ አተላ ከሆነች ደግሞ ተቻኩላለች፤ ሁሉንም ማቅጠን ነው። ከተሞከሩት ጠብታዎች ግማሽ ያህሉ ጥርት ብለው፣ ግማሽ ያህሉ አተላ ከሆኑ አትዘኑ፤ መጠኑ ወደ ልኩ መቅረቡን ያሳያል።

አሳሳቹ ነገር ሲያብረቀርቅ የሚታየው ነው። ባለሙያው ዕንቁ አገኘሁ ብሎ ይዘልላል፤ ኋላ ጨው ሆኖ ይገኛል። በተለይ ፎስፌትና ካልሲየም አንድ ጠብታ ውስጥ ከተገናኙ እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ደስታ የተለመደ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ በቀጭን መርፌ ጫን ማድረግ። ድሮ በሰቆጣ ገበያ እንደ ገንዘብ ይዞር የነበረውን አሞሌ የነካ ሰው ጨው ሲሰበር እንዴት ቀጭ እንደሚል ያውቃል። የፕሮቲን ክሪስታል ግን ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ ሲነኩት እንደ ለስላሳ አይብ ይፈረፈራል። ሌላም ዘዴ አለ፤ ጥቂት ሰማያዊ ቀለም ጠብ ያደርጉበታል፤ ፕሮቲን ከሆነ በውስጡ ባሉት የውኃ መንገዶች ቀለሙን ይጠጣና ሰማያዊ ይሆናል፤ ጨው ከሆነ እንደነበረ ይቀራል።

ግማሹ ውኃ መሆኑን ለማወቅ ሰዎች ዋጋ ከፍለዋል። እስከ 1934 ድረስ የፕሮቲን ክሪስታል በራጅ ሲታይ ጭጋግ እንጂ ሌላ አያሳይም ነበር። በዚያ ዓመት ካምብሪጅ ውስጥ ጆን በርናል የፔፕሲንን ክሪስታል ከፈሳሹ አውጥቶ ሲያየው ወዲያው እንደሚደርቅ ልብ አለ። ከነፈሳሹ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ አሽጎ ቢያነሳው ጥርት ያሉ ነጥቦች ብቅ አሉ። አብራው የሠራችው ዶሮቲ ክሮውፉት ናት፤ ኋላ ዶሮቲ ሆጅኪን ተብላ በ1964 የኖቤል ሽልማት የወሰደችው። ካይሮ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ካርቱም ወደ ቤተሰቧ ስትሄድ ስለ ማዕድን ጥያቄ ትጠይቅ የነበረች ልጅ ነበረች። የኢንሱሊንን ቅርጽ ለማግኘት ከመጀመሪያው ፎቶ አንስቶ 35 ዓመት ፈጅቶባታል።

ክሪስታል ወጥቶ ደግሞ ደቃቅ ሆኖ ሊያስቸግር ይችላል፤ እንደ በሶ ዱቄት ሺህ ጊዜ ሺህ። ይህ የሚሆነው ጠብታዋ ቶሎ ጠግባ፣ በየቦታው ጅማሬ ስለፈጠረች ነው። መፍትሔው ሊጡን በእርሾ ማስነሳት ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም። ደቃቁን ክሪስታል ፈጭተው አቅጥነው፣ ገና ያልረጋች ነገር ግን የጠገበች ጠብታ ላይ ጥቂቱን ይነካሉ። ጠብታዋ በራሷ ጅማሬ መፍጠር አትችልም፤ የተሰጣትን ግን ታሳድጋለች። መሣሪያው ሲሰማ ያስቃል፤ የድመት ጺም ወይም የፈረስ ጭራ አንድ ፀጉር ነው። ደቃቁን በፀጉሩ ጫፍ ነክተው አዲሷ ጠብታ ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ ከቀናት በኋላ በመስመሩ ላይ ክሪስታል ተሰልፎ ይገኛል።

ይህም ካልሠራ ፕሮቲኑ የሚወጣበትን እንስሳ ወይም ተክል መቀየር አለ። ጆን ኬንድሩ የጡንቻ ፕሮቲን የሆነውን ማዮግሎቢን ከብዙ እንስሳ ሞክሮ፣ ጥሩ ክሪስታል የሰጠው ዓሣ ነባሪ ሆነ፤ በ1958 ያሳየው የመጀመሪያው የፕሮቲን ቅርጽ የዚያ ነው። ለተማሪ ደግሞ የሚሰጠው የዶሮ እንቁላል ነጭ ነው። ከውስጡ የሚወጣው ላይሶዛይም ማንም ሰው በገበታ ጨው ሊያረጋው የሚችል ገር ፕሮቲን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በዚህ ሙያ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው እንቁላል ነው።

ሙቀትን መዘንጋት አይገባም። ጄምስ ሰምነር አንድ እጁን በወጣትነቱ ያጣ አሜሪካዊ ነበር፤ ከባቄላ መሰል እህል ዩሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ለማርጋት ዘጠኝ ዓመት ደከመ። በላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ስላልነበረው ፈሳሹን በመስኮቱ ደፍ ላይ እያስቀመጠ ብርድ እንዲመጣ ይመኝ ነበር። በ1926 ተሳካለት፤ ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑንም ያሳየው ያ ነው። ይህ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ወደ ክፍሉ ሙቀት የሚወጣ ፍሪጅ፣ የበቀለውን ክሪስታል ሊያሟሟው ይችላል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ውኃ ቶሎ ስለሚተን፣ ግሪሱ በደንብ ያልተመረገ ጉድጓድ ጠብታውን አድርቆ ይጠብቃል። ጉድጓዶቹ ያሉበትን ሳህን በየሰዓቱ ከፍሪጅ እያነሱ ማየትም ያው ጥፋት ነው።

ዛሬ ኮምፒውተር ብዙ ልፋት አቅልሏል። በ2024 ለሠሪዎቹ የኖቤል ሽልማት ያስገኘው አልፋፎልድ የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ይተነብያል፤ የትኛው ጫፍ እንደሚወዛወዝም ስለሚጠቁም ከመቁረጥ በፊት መመልከቻ ሆኗል። መድኃኒት ፕሮቲኑ ላይ የት እንደሚያርፍ በትክክል ለማየት ግን አሁንም ብዙ ጊዜ ክሪስታል ይፈለጋል። ክሪስታሉን የሚያበራው ታላቅ የጨረር ማሽን፣ ሲንክሮትሮን፣ በአፍሪካ ምድር የለም፤ ለእኛ ከቅርቦቹ አንዱ በ2017 የተመረቀው የዮርዳኖሱ ሴሳሚ ነው። ስለዚህ ክሪስታሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ባሕር ይሻገራል፤ በጉዞው በረዶ ከሠራ ያ ሁሉ ወራት ከንቱ ነው።

የገብሷን ፕሮቲን ማየት ለሚፈልግ አንባቢ መንገዱ አጭር ነው። በ1971 በሰባት ቅርጾች ተጀምሮ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ በያዘው የዓለም የፕሮቲን ቅርጽ ማኅደር ውስጥ ቁጥሯ 2ሲአይ2 ነው። በስልክ ይከፈታል፣ በጣት ይዞራል፣ ክፍያ የለውም።