ካልሲየም ወደ ፍሬ የሚደርስበት መንገድና የስያሜው ጉዳይ

ለአንድ የሙያ ጽንሰ ሐሳብ ስም ከመስጠት በፊት ነገሩ በተፈጥሮ የሚሠራበትን መንገድ መመርመር ይገባል። ይህ ካልተደረገ ስያሜው አንባቢውን ወደ ስሕተት ይመራዋል። ካልሲየም በማደግ ላይ ወዳለ ፍሬ የሚገባበት ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ ባጭሩ እንመለከተዋለን።

በአዊ ዞን በዳንግላ አካባቢ ገበሬዎች ጥልቀት ከሌላቸው ጕድጓዶች ውኃ እየቀዱ በበጋ አትክልት ያለማሉ። ቲማቲምና ቃሪያ በሚለማበት ስፍራ ሁሉ አንዳንድ ጊዜ የፍሬው ጫፍ፣ አበባው በነበረበት በኩል፣ ይጠቍርና ይሰረጕዳል። የውጭው ስያሜ ቃል በቃል ሲተረጐም «የአበባ ጫፍ መበስበስ»፣ ምክንያቱም «የካልሲየም እጥረት» ይሆናል። ሁለቱም አነጋገሮች ጕድለት አለባቸው።

ካልሲየም የሕዋስ ግድግዳዎችን አጣብቆ የሚያጸና ንጥረ ነገር ነው። በአብዛኛው የሚገባው ገና በማደግ ላይ ባለው የሥር ጫፍ በኩል ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚወጣው በዛይለም ውስጥ ከውኃ ጋር ነው። ውኃውን በዋነኛነት የሚስበው ትነት ነው፤ ቅጠል ብዙ ሲያተን ፍሬ የሚያተነው ጥቂት ነው። ስለዚህ ካልሲየሙ በብዛት ወደ ቅጠል ይሄዳል። ስኳርን ከቅጠል ወደ ፍሬ የሚያደርሰው ፍሎየም ደግሞ ካልሲየምን እጅግ በጥቂቱ ስለሚሸከም፣ ቅጠል ውስጥ የገባው ተመልሶ ለፍሬ አይተርፍም። ፍሬው እየወፈረ በሄደ መጠን በውስጡ ያለው የዛይለም አገልግሎት ይቀንሳል፤ ከመግቢያው የራቀው ጫፍም አስቀድሞ ይጐዳል።

እንግዲህ ዛይለምንና ፍሎየምን «ቧንቧ» በሚል አንድ ቃል ብንጠቀልላቸው ማብራሪያው በሙሉ ይፈርሳል። ስኳር በቧንቧ ወደ ፍሬ የሚደርስ ከሆነ ካልሲየምስ ስለምን አይደርስም? ብሎ አንባቢ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። «የቅጠል ትነት» የሚለውም ፍሬ ራሱ የሚያተን መሆኑን ይደብቃል። «መበስበስ» ጕዳቱ ከተዋስያን የመነጨ ያስመስላል፤ ሻጋታው ግን የሚከተለው ሕዋሳቱ ከፈረሱ በኋላ ነው። «የአበባ ጫፍ» የሚለው ደግሞ የጠወለገው አበባው እንደ ሆነ ያሳስባል።

ከሁሉ የሚከፋው «እጥረት» የሚለው ቃል ነው። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው ዝናብ የሚበዛበት ቀይ አፈር በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ ስለሆነ፣ ኖራ መጨመር የታወቀ ምክር ነው። በእርግጥም በእንዲህ ያለው አፈር ውስጥ አሉሚኒየም የሥርን ጫፍ ስለሚጐዳ ኖራ ይጠቅማል። ነገር ግን ውኃ አንድ ቀን ጠፍቶ ሌላ ቀን የሚጥለቀለቅ ከሆነ፣ በአፈሩ ውስጥ በቂ ካልሲየም እያለ ፍሬው ሳይደርሰው ይቀራል። «እጥረት» የሚለውን ያነበበ ገበሬ ገንዘቡን ለኖራ ያወጣል፤ የሚያስፈልገው ግን ውኃን ሳያቋርጥ በመጠን ማጠጣት ሊሆን ይችላል። በቅጠል ላይ የሚረጭ ካልሲየምም ፍሬውን ራሱን ካልነካው የሚያስገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

በዚህ ምክንያት የሚከተሉትን እንጠቁማለን፦

ዛይለም፦ ውኃንና ማዕድናትን ከሥር ወደ ላይ የሚያደርስ የዕፅ ክፍል።
ፍሎየም፦ በቅጠል የተዘጋጀውን ስኳር ወደ ፍሬ፣ ወደ ሥርና ወደ ሌላው አካል የሚያደርስ የዕፅ ክፍል።
የዕፅ ትነት፦ ውኃ ከቅጠል፣ ከፍሬና ከሌላው የዕፅ አካል በእንፋሎት መልክ መውጣት።
የፍሬ ጫፍ መጥቈር፦ ካልሲየም በበቂ መጠን ባለመድረሱ ፍሬን በአበባው በኩል የሚያገኝ ጕዳት።
ኖራ፦ ካልሲየም ያለበት ውሑድ እንጂ ካልሲየም ራሱ አይደለም።

አዊኛ በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው። ከአማርኛ ወደ አዊኛ የሚተረጕም ሰው የእኛን ግልጽነት ወይም የእኛን ስሕተት ይወርሳልና ስያሜያችንን ደግመን መመዘን ይገባናል።