ስለ «ተሳቢ» እና ስለ ክፍሎቹ ስያሜ

ካረጀ መኪና በተረፈ አክስል፣ ባሌስትራና ጎማ ላይ የብረት አልጋ በይዶ አነስተኛ የዕቃ ማጓጓዣ መሥራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለዚህ ማጓጓዣ «ተሳቢ» የሚለው ስም ተስማምቶታል፤ «ተሳበ» ከሚለው ተደራጊ ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ ዕቃው የራሱ ሞተር የሌለውና በሌላ ኃይል የሚሄድ መሆኑን ያመለክታል። ሰዋስውም ድርጊት የሚያርፍበትን ስም በዚሁ ቃል ይጠራዋል።

ከክፍሎቹ ስሞች መካከል ከጣልያንኛ ገብተው በየጋራዡ የሰነበቱትን «ባሌስትራ»ን፣ «ኩሽኔታ»ንና «ቸርኬ»ን እንዳሉ እንቀበላለን። ሠራተኛው የሚያውቀውን ቃል ነጥቆ የማያውቀውን መስጠት አይጠቅምም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከፊት ለፊቱ ክፍል ነው። ከአልጋው ወጥቶ ወደ መኪናው የሚዘረጋውን ብረትና በጫፉ ያለውን ማያያዣ ሁለቱንም «መንጠቆ» ብንል፣ «ሰንሰለቱን ከመንጠቆው ጋር እሰር» የሚል መመሪያ ሰው ያስጎዳል። ማያያዣው በወለቀ ጊዜ ሰንሰለቱም አብሮ ይወልቃልና። ስለዚህ ብረቱን «ሞፈር» እንድንለው እናሳስባለን፤ ገበሬው ማረሻውን ከቀንበሩ የሚያገናኘውን እንጨት እንዲሁ ይለዋልና። «መንጠቆ» ለማያያዣው ብቻ ይሁን። ሰንሰለቱ ደግሞ «ዋስ ሰንሰለት» ይባል፤ የሚታሰረውም በአንድ ወገን ከሞፈሩ፣ በሌላው ከመኪናው ሻንሲ ጋር ነው።

በመንጠቆው ላይ የሚያርፈውን ክብደት «የሞፈር ጫና» እንለዋለን። ይህም ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ያህል መሆን ይገባዋል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው በመንገድ ላይ ይወዛወዛል። ስም ያልወጣለትን አደጋ ማስጠንቀቅ አስቸጋሪ ነው።