ከብድሩ በፊት ገዥው

በጎጃም ደጋ ሰው ለምን እንደሚበደር ማሳው ይናገራል። መሬቱ ለልጆች እየተከፋፈለ ጠቧል፤ የጮቄን ተዳፋት አፈር የክረምት ጎርፍ ያጥበዋል፤ መሬት ያልደረሰው ወጣት ደብረ ማርቆስ ወይም ደጀን ወርዶ ሥራ ይፈልጋል። በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ብድር ተቋማት አዋጅ ወጥቶ፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ንብረት ማስያዝ ለማይችል ሰው በቡድን ዋስትና ማበደሩ ከአራጣ ሌላ በር ከፍቷል። ይህን ውለታ አላሳንስም። ነገር ግን ለአነስተኛ ሥራ የሚሰጠው ድጋፍ መጀመር ያለበት ከብድሩ ሳይሆን ከገዥው ነው እላለሁ።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ገጠር፣ በዕጣ ተለይተው ብድር የገባላቸው ቀበሌዎች ካልገባላቸው ጋር ተነጻጽረው ነበር። ተበዳሪው በብዙ ጨመረ፤ ገቢና ኑሮ ግን በአብዛኛው መለኪያ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ በአንድ ቀበሌ 20 ሰው ተበድሮ በግ ቢያደልብ 20ውም በፋሲካ ዋዜማ እዚያው ገበያ ይገናኛል፤ ዋጋው ይወርዳል፣ ወለዱ ግን አይወርድም። በአንጻሩ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬው አሲድ ባጠቃው መሬት ላይ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፤ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ችግኝ አፍዪው፣ ቆራጩ፣ አክሳዩ፣ ጫኙ ሁሉ በዚህ እንጀራ አገኘ፤ ሥራውን የጎተተው የከተማው ከሰል ገዥ ነው። በኋላ የዝገት በሽታ ዛፉን ሲመታው፣ በአንድ ምርት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ኑሮ እንዴት እንደሚናወጥም ታየ።

ገዥ ቢኖርስ የድሃ ድሃው ምን ይዞ ይቀርባል? ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ይህ ነው። ኢትዮጵያን (ውቅሮ ላይ) ጨምሮ በስድስት አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት መልስ አለው፤ እንስሳ ወይም ሌላ መነሻ ሀብት በነጻ፣ ለጊዜው ስንቅ፣ ሥልጠናና ቤት ድረስ የሚመጣ ክትትል ለ2 ዓመት ያህል ተደምረው ሲሰጡ፣ ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ኑሮው ተሽሎ ተገኝቷል። ወጪው ብዙ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ሆኖም በአምስቱ አገሮች ጥቅሙ ከወጪው በልጧል፤ በሆንዱራስ ብቻ የታደሉት ዶሮዎች በበሽታ አልቀው ኪሳራ ሆነ።

መንግሥት ገዥ ከሆነ ጥገኝነት ነው የሚሉም አሉ። በጀት ሲያልቅ የሚቆም የኮብልስቶን ሥራ ስጋታቸውን ያጠናክራል። ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታልና ማረሚያ ቤት ግን እንጀራና ዳቦ የሚገዙት በየቀኑ ነው፤ ያው ግዢ ለከተማው ጋጋሪዎች ቢደርስ አዲስ በጀት አይጠይቅም። ችግሩ ክፍያው ላይ ነው። ጤፍ በየሳምንቱ የምትገዛ ጋጋሪ እናት ሦስት ወር የዘገየ ክፍያ መጠበቅ አትችልም። ብድሩ እዚህ ላይ ይግባ፤ ከገዥው ተቋም ጋር የገባችውን የዓመት ውል ይዛ ወደ አበዳሪው ትሂድና በዚያው ውል ትበደር።