ገጸ ባሕርይዋ የማን ናት?

በኢንተርኔት የአድናቂዎች መንደር አንዲት ገጸ ባሕርይ ታሪኳ ከመጻፉ በፊት መታወቂያ ይወጣላታል። በአንድ ሰፊ ሥዕል ላይ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ቆማ ትታያለች። ከሥሯ የጸጉሯ፣ የዐይኗና የካባዋ ቀለም በትንንሽ ሣጥኖች ተደርድሮ እያንዳንዱ የቀለም ቁጥሩ ተጽፎበታል። ጠባሳዋ በግራ ጉንጯ መሆኑን የሚያመለክት ቀስት አለ፤ የጆሮ ጌጧ ለብቻው ጎላ ብሎ ተሥሏል። ጥግ ላይ ደግሞ ዲዛይኑን የሠራው እከሌ፣ የገጸ ባሕርይዋ ባለቤት እከሊት፣ ያለ ፈቃድ መጠቀም ክልክል የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህን «ሬፈረንስ ሺት» ይሉታል። ባለቤቷማ ጠባሳው የት እንዳለ ታውቃለች፤ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው እንዲሥላት ነው።

የዚህ ዓለም ጠባይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደራሲ ገጸ ባሕርዩን ለአንባቢ ይፈጥራል፤ እነዚህ ግን ለሌላ ሰው እጅ ይፈጥራሉ። ኦሲ የሚሏት፣ አድናቂው ራሱ የፈጠራት ገጸ ባሕርይ ከታወቀ ፊልም ወይም መጽሐፍ ዓለም ውስጥ የገባች እንግዳ ልትሆን ትችላለች፤ ዓለሟም ጭምር በአድናቂው የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም መንገድ ጓደኛ ይሥላታል፣ ሠዓሊ በክፍያ ይሥላታል፣ የማይተዋወቅ ሰው በሮልፕሌይ፣ ማለትም በገጸ ባሕርይ ስም እየተጻጻፉ በሚጫወቱት ጨዋታ፣ ያነጋግራታል። እንዲህ በብዙ እጅ የምትዞር ገጸ ባሕርይ የማን ናት? የመንግሥት ሕግ ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ስለሌለው ማኅበረሰቦቹ የራሳቸውን ሥርዓት አቆሙ። ለእኔ ከሥዕሎቹ ይልቅ የሚያስገርመኝ ይህ ሥርዓት ነው።

ነገሩ ከኢንተርኔት በፊት ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1826 በእንግሊዝ አገር፣ ሃዎርዝ በምትባል መንደር፣ አንድ ቄስ ለልጁ ለብራንዌል 12 የእንጨት ወታደሮች ይዞለት መጣ። እኅቶቹ ሻርሎት፣ ኤሚሊና አን ብሮንቴ አንዳንድ ወታደር መርጠው ስም አወጡላቸው፤ የሻርሎት ወታደር የዘመኑ ጀግና የዌሊንግተን መስፍን ሆነ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለዓመታት አገር መሠረቱ፣ ጦርነት አወጁ፣ ወታደሮቹ ሊይዟቸው የሚችሉ የሚመስሉ ጥቃቅን መጻሕፍት ጻፉ። ሕያው ሰው ወስዶ የራስ ታሪክ ውስጥ ማስገባት፣ ዓለሙን በጋራ መገንባት፣ በየተራ መጻፍ፤ ዛሬ ወጣቶች በየስልካቸው ከሚያደርጉት ይህ በምን ይለያል?

ፋንደም የሚባለው ዘመናዊው የአድናቂዎች ማኅበረሰብ መልኩን የያዘው «ስታር ትሬክ» በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በ1967 የወጣችው «ስፖካናሊያ» የተከታታዩ አድናቂዎች የመጀመሪያዋ መጽሔት ናት። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹን ታሪኮች የጻፉት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በተከታታዩ የጠፈር መርከብ ላይ አንዲት ወጣት መኮንን ይጨምሩ ነበር። በ1973 ፖላ ስሚዝ በአንዲት አጭር ቀልድ ተሳለቀችባቸው፦ ዕድሜዋ 15 ዓመት ተኩል የሆነች ሌተና ሜሪ ሱ ሁሉንም ታውቃለች፣ ሁሉም ይወዷታል፣ ስትሞትም ሁሉም ያለቅሱላታል። ከዚያ ወዲህ «ሜሪ ሱ» የስድብ ስም ሆነ። ስድቡ ብዙ ልጃገረዶችን ዝም እንዳሰኘ አምናለሁ። ሁሉን የሚችል ወንድ ጀግና በየሲኒማ ቤቱ ሲጨበጨብለት፣ ልጅቷ ገና በመጀመሪያ ሙከራዋ ትሣቅባታለች።

በሌላ ወገን ጨዋታ መጣ። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርኔሰን ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይና ስለ እርሱ የሚሞላ ቅጽ ሰጠ። በ1978 የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ሮይ ትሩብሾውና ሪቻርድ ባርትል «መድ» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ፤ ሥዕል የሌለው፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ የሚነገርበት፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት ዓለም ነበር። ፐርን በተባለ ምናባዊ ዓለም የሚፈጸሙ መጻሕፍት ደራሲ አን ማካፍሪ ደግሞ አድናቂዎቿ የእሷን ገጸ ባሕርያት እንዳይነኩ ለረጅም ጊዜ ከልክላ፣ የራሳቸውን ዘንዶ ጋላቢ ፈጥረው በዓለሟ እንዲጫወቱ ደንብ አውጥታ ፈቅዳለች። ክልከላው ራሱ አዳዲስ ገጸ ባሕርያት እንዲፈለፈሉ ምክንያት ሆነ።

ድረ ገጾቹ በተከታታይ ተከፈቱ፤ ፋንፊክሽን ዶት ኔት በ1998፣ ላይቭጆርናል በ1999፣ ዴቪያንት አርት በ2000፣ በጃፓን ፒክሲቭ በ2007፣ ዛሬ አብዛኛው ሮልፕሌይ የሚካሄድበት ዲስኮርድ በ2015። ከድረ ገጾቹ ዝርዝር ይልቅ ልብ የሚባለው የትኞቹ ታሪኮች ለኦሲ እንደተመቹ ነው። «ዋሪየርስ» የተባሉት የዱር ድመቶች መጻሕፍት ጎሣ አላቸው፣ ማዕረግ አላቸው፣ ድመቷ ከግልገልነት ወደ ተለማማጅነት ስታድግ የስሟ መጨረሻ ይቀየራል። በ2009 በጀመረው «ሆምስተክ» በተባለ የኢንተርኔት ሥዕላዊ ታሪክ ውስጥ ትሮል የተባሉት ፍጡራን ስማቸውም የአባት ስማቸውም በእንግሊዝኛ ስድስት ስድስት ፊደል ነው፤ የደም ቀለምና የኮከብ ምልክትም አላቸው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህ ያልተሞላ ቅጽ ነው፤ ስሙን ካገኘች ገጸ ባሕርይዋ ግማሽ መንገድ ሄዳለች። ታላላቅ የሚባሉ ልብ ወለዶች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ አይተዉም።

ሮልፕሌይ ሲጀመር የመጀመሪያው ሕግ የሌላውን ገጸ ባሕርይ አለመንካት ነው። አንዱ ተጫዋች «ካሌብ ሰይፉን መዘዘ፤ የሽፍታውንም አንገት ቀላው» ብሎ ከጻፈ ጥፋት ሠርቷል። «ካሌብ ሰይፉን መዞ ወደ ሽፍታው አንገት ሰነዘረ» ማለት ነበረበት፤ መሞት አለመሞቱን የሚወስነው የሽፍታው ባለቤት ነው። ጥፋቱን «ጎድሞዲንግ» ይሉታል። ተጫዋቹ የሚያውቀውን ምሥጢር ገጸ ባሕርዩ እንዳወቀው አድርጎ መጻፍም ነውር ነው። ከጨዋታው ወጥቶ እንደ ራስ መናገር ሲያስፈልግ ጽሑፉ በድርብ ቅንፍ ይታጠራል፤ የተቆጣው ገጸ ባሕርዩ እንጂ ሰውየው አለመሆኑ እንዲታወቅ። አጥሩ ግን ሁልጊዜ አይጠብቅም። ዕድሜያቸው የማይታወቅ እንግዶች በፍቅር ትዕይንት ውስጥ ሲገናኙ አደጋው ግልጽ ነው፤ ብዙ ቡድኖች ዕድሜ የሚጠይቁትና ልጆችን ከአዋቂዎች የሚለዩት ለዚህ ነው።

ገንዘብ ሲገባ ሥርዓቱ ይጠብቃል። «አዶፕት» የሚባለው ሠዓሊው ያልኖረች ገጸ ባሕርይ ሥሎ መሸጡ ነው፤ ገዢው ስም ያወጣላታል፣ ታሪክ ይጽፍላታል። ከዚህም አልፎ «ዝግ ዝርያ» የሚሉት አለ፦ አንድ ሠዓሊ የአንድ ምናባዊ እንስሳ ዝርያ ፈጥሮ፣ የቀንዱን ቅርፅና የጅራቱን ብርቅነት ደረጃ ደንግጎ፣ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም አዲስ እንዳይፈጥር ይከለክላል። በአሜሪካ ሕግ ሐሳብ የቅጂ መብት የለውም፤ መብት ያለው የተሣለው ሥዕል ነው። ዝርያውን በራሱ እጅ አዲስ አድርጎ የሚሥልን ሰው ዳኛ ፊት ማሸነፍ እጅግ ይከብዳል። ቢሆንም ደንቡ ይከበራል፤ ምክንያቱም የጣሰው ሰው ስሙ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ማንም አይሸጥለትም፣ ማንም አይሥልለትም። ይህ ውግዘት ሌባን ያስፈራል፤ አንዳንዴም ሥዕሉ ስለተመሳሰለ ብቻ አንዱን ታዳጊ በሺህ ሰው ፊት ያዋርዳል። ይግባኝ ሰሚ የለውም።

የዋናው ሥራ ባለመብትስ? በጃፓን በታኅሣሥ 1975 በ32 ቡድኖችና በ700 ያህል ሰዎች የተጀመረው ኮሚኬት ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚጎርፉበት የአድናቂዎች መጽሔት ገበያ ነው፤ የሚሸጠው አብዛኛው የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሳለ አሳታሚዎች አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። አሜሪካኖቹ ሌላ መንገድ ያዙ። በ2007 ላይቭጆርናል መቶዎች የሚሆኑ ገጾችን ድንገት ሲዘጋ፣ አድናቂዎች የራሳችን ቤት ያስፈልገናል አሉ፤ በዚያው ዓመት የተመሠረተው ድርጅት በ2009 «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የተባለውን ማኅደር ከፈተ። ማስታወቂያ የለውም፣ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ በ2019 ለሳይንስ ልብ ወለድ ዘርፍ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። በሌላ በኩል ከ«ትዋይላይት» አድናቂ ታሪክ የተነሣው «ፊፍቲ ሼድስ ኦቭ ግሬይ» በ2011 ስሞቹ ተቀይረው መጽሐፍ ሆኖ ደራሲዋን ሲያበለጽግ፣ ታሪኩን በነጻ አብረን አሳደግነው ያሉ አንባቢዎች ቅር ተሰኝተዋል።

የ2022ቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል ጠብ ጎልቶ የወጣው ከዚህ የባለቤትነት ሥርዓት የተነሣ ነው። በኅዳር ወር ዴቪያንት አርት የራሱን ሥዕል ሠሪ ማሽን ይፋ ሲያደርግ፣ ሥራው ለማሠልጠኛ እንዳይውል የሚፈልግ ሠዓሊ ራሱ ማመልከት ነበረበት። ቁጣው ወዲያው ፈነዳ፤ ድርጅቱም በሰዓታት ውስጥ ነባሪውን ቅንብር ወደ ክልከላ ገለበጠው። ለሃያ ዓመት ሳይጠይቁ አለመውሰድን ሲያስተምር የኖረ ማኅበረሰብ፣ ቤቱን የሰጠው ድርጅት ራሱ ሳይጠይቅ ሲወስድ አየ። በ2023 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠዓሊውን ስልት ከማሽን የሚሸሽግ «ግሌዝ» የተባለ ፕሮግራም አወጡ፤ አዳዲስ የአዶፕት ውሎችም ለማሽን ማሠልጠኛ አትጠቀሙ የሚል አንቀጽ ጨመሩ።

ሮልፕሌዩም ማሽን አግኝቷል። ካራክተር ኤአይ በተባለው አገልግሎት ላይ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ሌሊቱን ሙሉ ያወራዋል። በወጣቶች ላይ ጉዳት አድርሷል የሚሉ ክሶች ከቀረቡበት በኋላ ኩባንያው በ2025 መጨረሻ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ከክፍት ውይይት አግዷል። እዚያ አንገት ቢቀላ የሚከፋው የሽፍታ ባለቤት የለም፤ ድርብ ቅንፍ ከፍቶ «ይህ አልተመቸኝም፣ እዚህ ላይ እናቁም» የሚል ሰውም የለም።